ምዕራፍ ሰባት፦ በጥንቸል ሆድ ውስጥ ያለ አተር

ከነገሌ ቦረና ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ከተማው ሲያልቅ የሊበን ሜዳ ይጀምራል። አንድ ማለዳ ከሜዳው ዳር ካለ ኦላ ቁጭ ብለን ወተት የበዛበት ሻይ ስንጠጣ አንድ ግራጫ ውሻ ጥንቸል በአፉ አንጠልጥሎ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ኦላ የቦረና መንደር ነው፤ ጥቂት ጎጆዎች፣ በእሾህ የታጠረ በረት፣ በረቱ በር ላይ የተጋደሙ ሁለት ሦስት ውሾች። እረኛው ልጅ ሮጦ የጥንቸሉን የኋላ እግር ያዘና ጎተተ። ውሻው አጉረመረመ እንጂ አልነከሰም።

በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጃርሳ (ሽማግሌው) ከተቀመጡበት ሳይነሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። አብሮኝ የነበረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ «የሱ ነው፣ መልስለት እያሉት ነው፤ ያደነው እሱ ነው» ብሎ ተረጎመልኝና ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «አባባ፣ አንዴ ለእንግዳው ላሳየው፣ ከዚያ እመልስለታለሁ» ሲል ለመናቸው። ፈቀዱ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ አየሁ፤ የጥንቸል ሆድ ቀዶ የሚመረምር የተማረ ሰው ከብት ላሳደገ ሽማግሌ ሳያስቅ አይቀርም።

ባለሙያው ጓንት አጠለቀ፣ ጥንቸሉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋደመና ከሆዱ ወደ ደረቱ በቢላዋ ጫፍ ሰነጠቀው። አንጀቱን በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ፣ እንደ መረብ በሳሳው ሽፋን ላይ ጥርት ያሉ እንክብሎች ተንጠልጥለው አየሁ። መጠናቸው የአተር ነው፤ ውሃ የቋጠሩ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ በየአንዳንዳቸው ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ያለባቸው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

«ውሻህን ጥሬ ጥንቸል አታብላ የሚሉህ በዚህ ምክንያት ነው» አለኝ። «ግን ቆይ፣ ከዚህ የሚብሰውን ከሰዓት በኋላ ቄራ አሳይሃለሁ።»

ቄራው ይቆየን፤ መጀመሪያ ጥንቸሉን እንጨርስ።

አማርኛ «ጥንቸል» በሚል ስም ሁለት እንስሳ ጠቅልሎ ይጠራል። አንደኛው በሳጥን የሚረባው የፈረንጅ ጥንቸል ነው፤ ወገኖቹ ጉድጓድ ቆፍረው ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውንም ጠጉር የሌላቸው፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ አድርገው ይወልዳሉ። የኛ አገር የዱር ጥንቸል ከዚህ ይለያል። ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ከሣር ሥር ገላውን የምታህል ቦታ ጎድጎድ አድርጎ ይተኛል። ግልገሎቹ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው ወደዚህ ዓለም የሚመጡት። የቆላው ዓይነት በሳይንስ ሌፑስ ሃበሲኒከስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1832 በሄምፕሪሽና በኤረንበርግ ስም የተመዘገበ ነው። የደጋው ሌፑስ ስታርኪ ሲሆን የባሌ ቀይ ቀበሮም አንዳንዴ ይበላዋል። ያ የሊበን ጥንቸል ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር።

ሥጋውን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ኦርቶዶክሱ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ምክንያት አይነካውም፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ተብሏልና። (እንደ ላም አያመሰኳም። ለስላሳውን የመጀመሪያ ፋንድያውን መልሶ ይበላና ሆዱ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈጨዋል። አፉ ሲንቀሳቀስ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ከየት ይታወቃል!) በሱኒ ሙስሊሞች ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም በእነዚህ ከተሞች ገበያ ላይ ሲሸጥ አላየሁም። ቦረናዎች በበኩላቸው የዱር ሥጋን የዋታዎች ምግብ አድርገው ነው የሚያዩት። ዋታዎች ከእነሱ ጋር የሚኖሩ ከጥንት ጀምሮ አዳኝ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ከብት ያለው ሰው አውሬ መብላቱ ከብት እንደሌለው መናገር ይሆንበታል። ስለዚህ ጥንቸሉ ዞሮ ዞሮ ለውሻው ይቀራል።

ሕጉንም አንርሳ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ወጥመድ ዘርግታችሁ ለውሻችሁ ጥንቸል ሰብስቡ የሚል ምክር ከኔ አትጠብቁ። የማወራው ውሻው ራሱ ይዞት ስለመጣው፣ ሌሊት የጭነት መኪና ስለገጨው፣ ወይም እናንተው በሳጥን አርብታችሁ ስለምታርዱት ነው።

የቆላው ውሻ ሥራው ሌሊት ነው። ደገኛው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል። እዚህ ተረቱ ይገለበጣል፤ ውሻ በተኛበት ቀዳዳ ጅብ አይገባም። ፍየል የሚያርደውን ነብር፣ ግልገል የሚሰርቀውን ቀበሮ፣ ከሁሉም በላይ ጅቡን አስቀድሞ የሚያሸተውና ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፣ ሌሊት በረቱ በር ላይ ይተኛል። የሚከፈለው ግን ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። የገንፎ ፍርፋሪ፣ ወተት የተረፈ ዕለት ወተት፣ ላም ስትወልድ እንግዴ ልጁ፣ የሞተች ፍየል፣ አልፎ አልፎም (ምግብ ላይ ላላችሁ ይቅርታ) የሕፃናት ዓይነ ምድር። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር እዚሁ ነገሌ የነበሩ ወታደሮች የምግቡና የውሃው ነገር ቢያንገፈግፋቸው አምፀው አዛዦቻቸውን አገቱ፤ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራልም ያንኑ ምግባቸውን አበሏቸው ይባላል። የአብዮቱ የመጀመሪያ ጭስ ከዚህች ከተማ ነው የተነሣው። ውሻ ግን አያምፅም። ያገኘውን በልቶ ማታ በሩ ላይ ይገኛል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ለሚኖር እንስሳ ጥሬ ጥንቸል ድግስ ነው። በውጭው ዓለም ውሻን ጥሬ ሥጋና አጥንት መመገብ ፋሽን የሆነው ከአውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት የእ.ኤ.አ. 1993 መጽሐፍ ወዲህ ነው። የነገሌ ውሻ ያንን መጽሐፍ ሳይጠብቅ ኖሯል። ቁርጥና ክትፎ የሚበላ ሕዝብም «ጥሬ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስደነግጠውም።

ከአመጋገብ አንፃር ስናየው፣ የሚሠራ ትልቅ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ጥሬ ሥጋና አጥንት ይበቃዋል ይባላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ማለት ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ቆዳውና ሆድ ዕቃው የወጣለት አንድ ጥንቸል ለሁለት ቀን ይሆነዋል። አጥንቱ አብሮ መግባት አለበት፤ ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም እምብዛም የለውም፣ ካልሲየሙ ያለው አጥንቱ ውስጥ ነው። ጥሬ የጥንቸል አጥንት ለስላሳ ነው፣ ውሻ ያደቀዋል። የተቀቀለ አጥንት ግን ይደርቅና እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮና አንጀት የሚወጋውም እሱ ነው። ሌላው ችግር ስብ ነው። የዱር ጥንቸል ሥጋ ስብ አልባ ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ክረምቱን ጥንቸል ብቻ የበሉ ሰዎች ሆዳቸው እየሞላ እንደሚከሱና እንደሚታመሙ አሳሾች ጽፈዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጥ ውሻም ከጥንቸሉ ጋር ትንሽ ሞራ ወይም ወተት ይፈልጋል።

ወደ አተሮቹ እንመለስ።

እያንዳንዷ እንክብል የአንድ ትል ጽንስ ናት። ትሉ ቴኒያ ፒሲፎርሚስ ይባላል፤ የስሙ ሁለተኛ ቃል በላቲን «አተር መሰል» ማለት ነው። ውሻው እንክብሏን ሲውጥ ነጯ ነጥብ ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ ትለጠፍና እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝም ጥብጣብ ትሆናለች። ከዚያ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ቁራጮች ከፋንድያው ጋር ይወጣሉ፤ ቁራጮቹ እንቁላል የተሞሉ ናቸው፤ እንቁላሉ ሣር ላይ ይበተናል፤ ጥንቸል ሣሩን ይግጣል፤ ዙሩ ይቀጥላል። ሲያዩት የሚያስጠላ ነገር ነው። ሰውን ግን አይዝም። ይህ ትል የጥንቸልና የውሻ ጉዳይ ነው፤ ውሻውንም ቢሆን ብዙ አይጎዳውም። እኛን በቁርጥ የሚይዘን፣ አያቶቻችን ኮሶ የጠጡለት ትል ዘመዱ ይሁን እንጂ ሌላ ነው፤ የሱ ጽንስ የሚኖረው በበሬ ሥጋ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሰው የሚጸየፈው ጥንቸል ለሰው ያን ያህል አያሰጋም ማለት ነው። የሚያሰጋው በገዛ እጃችን የምንወረውረው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስሟን የማልጠራት ከተማ ቄራ ደረስን። ቄራ ማለት አጥር የሌለው የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ዙሪያውን አባ ኮዳዎች ቆመዋል፣ ከነሱ ጀርባ ውሾች። የዕለቱ ዕርድ ጥቂት በጎችና አንድ ግመል ነበር። ሥጋ መርማሪው የግመሉን ሳንባ ገልብጦ አየና ወደ ጎን ለየው። ሳንባው ላይ የእንቁላል መጠን ያላቸው ሁለት ነጫጭ እብጠቶች ነበሩ፤ ሲነኩ እንደ ተነፋ ፊኛ ይመለሳሉ። «አይበላም» አለ፣ ሥራውንም በትክክል ሠራ። ከዚያ አንድ ወጣት ያንን የማይበላ ሳንባ በአንድ እጁ አንሥቶ ከሲሚንቶው ባሻገር ወረወረው። መሬት የነካ አይመስለኝም፤ ሦስት ውሾች በአየር ላይ ተካፈሉት።

በእነዚያ እብጠቶች ውስጥ ያለው ኢካይኖኮከስ ግራኑሎሰስ የሚባለው ትል ጽንስ ነው። አንዱ እብጠት በሺዎች የሚቆጠር ጽንስ ሊይዝ ይችላል። የውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ትል ሲሆን ርዝመቱ ቢበዛ 7 ሚሊሜትር ነው፤ ሺዎቹ ተለጥፈው ቢኖሩም ውሻው ጤነኛ ይመስላል፣ ፋንድያው ላይም በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝመውና የምናየው ትል ለሰው ደንታ የለውም፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጠውና የማናየው ሰውን ይይዛል። ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ መውጣት ይጀምራል። ውሻው ቂጡን ይልሳል፣ ከዚያ ጠጉሩን ይልሳል፣ ልጆች ያቅፉታል፤ ወይም በኩሬው ዳር ይጸዳዳል፤ ወይም ወተት የሚጠጣበትን ዕቃ ይልሳል። እንቁላሉ በሰው አፍ ሲገባ ሰው የበጉን ወይም የግመሉን ቦታ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ቀስ ብሎ ያድጋል። ሕመም ሳይሰማ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በልጅነቱ የተያዘ ሰው ሆዱ መነፋቱን የሚያውቀው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሊገድል ይችላል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ወይም ወራት የሚወስድ የአልቤንዳዞል ኪኒን ነው፤ ሁለቱም ከኦላ ሩቅ ናቸው።

ከኛ ድንበር ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ ቱርካና፣ ይህ በሽታ በዓለም ከታዩት ሁሉ ከፍተኛ በሆነ መጠን ተመዝግቧል፤ በዓመት ከ100,000 ሰው 220 ገደማ። ምክንያቱ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ውሻና ሰው እጅግ ተቀራርበው መኖራቸው ነው፤ ሕፃን ሲያስመልስ ወይም ሲጸዳዳ ልሶ የሚያጸዳው ውሻ ነበር። አምረፍ የተባለው የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመኪና የሚዞር የአልትራሳውንድ መሣሪያ ይዞ በየመንደሩ መርምሯል። በዚሁ አካባቢ በኛ በኩል ያሉት የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮችም በሽታውን ያውቁታል።

በሽታው የቆላ ዕጣ ነው የሚል ካለ አይስላንድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራቤ የሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም ወደዚያች የበረዶ ደሴት ሄዶ 100 ውሾች መረመረ፤ 28ቱ ትሉ ነበረባቸው። ያኔ አይስላንድ የበግ አርቢዎች አገር ነበረች። በማግስቱ ዓመት ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀና በየቤቱ ታደለች። ውስጧ ያለው ምክር ሲጨመቅ አንድ ነው፤ ውሃ የቋጠረውን የበግ ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። እ.ኤ.አ. በ1869 ሕግ ወጣ። ረጅም የክረምት ሌሊት፣ ማንበብ የሚችል ሕዝብ፣ በየቤቱ አንድ መጽሐፍ፤ በሽታው ከዚያች አገር ጠፍቷል። ያኔ ትሉን የሚገድል አስተማማኝ መድኃኒት እንኳ አልነበረም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያናድደኝ የቀላልነቱ ነገር ነው።

እኛም ጋ ለዚህ የሚጠቅም ልማድ ሞልቷል። የሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ማጠብ ያዛል፤ በሊበን፣ በፊልቱና በሞያሌ ያሉ ሙስሊሞች ይህን ያውቃሉ። ትእዛዙ ስለ ትል የወጣ አይደለም፤ ወተት የሚጠጣበትን ዕቃ ከውሻ ምላስ ማራቁ ግን ትሉንም ያርቃል። በተቃራኒው ድርቅ ነገሩን ያከፋዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረና ሜዳ የከብት ሬሳ እንደ ድንጋይ ተበትኖ ነበር። ሳንባና ጉበቱን የሚቀብር ጉልበት ለማን ተርፎት! ውሾቹ ያን ጊዜ ጠግበዋል።

ለውሻ የማይሰጠው ሳንባና ጉበት ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላትም አለ። ፍየሏ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ክብ እየሠራች የምትዞርበትን በሽታ አርቢ ሁሉ ያውቀዋል። እሱም ከውሻ የሚመጣ ትል ነው፤ ጽንሱ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያዞራት። እንዲህ ያለችውን ፍየል አርደው ጭንቅላቷን ፈልጠው ለውሻ የሚሰጡ ሰዎች የመጪውን ዓመት በሽታ መዝራታቸው ነው።

አሁን ስለ ዝግጅቱ። ባለሙያው በድንጋዩ ላይ ያሳየኝ እንዲህ ነው። ጥንቸሉ ውሻው ሮጦ የያዘው ወይም አሁን የተገጨ መሆን አለበት። ሞቶ የተገኘ፣ ወይም ሰው ሲቀርበው የማይሮጥ ጥንቸል ታማሚ ነው፤ ይተው። (ከብት ሞቶ ከአፍንጫውና ከቂጡ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣው ደግሞ ጨርሶ ቢላዋ አይነካውም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል።) በቆላ ሙቀት ሆድ ዕቃው ቶሎ ስለሚነፋ ወዲያው ይከፈታል። ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ እንዲሁም ከጥንቸሉ መጠን ጋር የማይመጣጠነው ትልቅ ዕውር አንጀቱ ከነአተሮቹ ወጥቶ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። ጉበቱ ነጫጭ ነጠብጣብ ከሌለው ለውሻው ይሆናል፤ ነጠብጣብ ካለው ጥንቸሉ በሙሉ ይጣላል። መዥገርና ቁንጫ ስላለበት ቆዳው ይገፈፋል። የቀረው ከነአጥንቱ ይከተፋል።

ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከዜሮ በታች ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ፍሪዘር ሳምንት ካቆየው እንክብሎቹ ይሞታሉ። ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዘው የኪዮስክ ፍሪጅ ግን ለዚህ አይበቃም፤ መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ከተማም ፍሪዘሩ ራሱ አይታመንም። በገጠር አስተማማኙ ድስት ነው፤ ሥጋው ከአጥንት ተለይቶ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። እንደ ቋንጣ ማድረቅን አትመኑት። የበግ፣ የፍየልና የግመል ጉበትና ሳንባ ደግሞ ንጹሕ ቢመስልም ጥሬውን አይሰጥ፤ ትንሹ ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ላይታይ ይችላልና።

ውሻውንም ማከም ይቻላል። ፕራዚኳንቴል ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ለውሻ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲሰጥ ሁለቱንም ትሎች ይገድላል። በየስድስት ሳምንቱ ቢሰጥ ትሉ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። እንቁላሉን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ውሻው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታስሮ ፋንድያው ይቀበራል። ልኩን ለውሻችሁ የሚወስንላችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

በዚያ ማለዳ ባለሙያው ሆድ ዕቃውን ቀብሮ የቀረውን ጥንቸል ለውሻው መለሰለት፤ ውሻውም ከጭንቅላቱ ጀመረ። ጃርሳው ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጥንቸል መሆኑ አልገባቸውም፤ እውነት አላቸው። ድካሙ ለጥንቸሉ አልነበረም።

እናንተም በሚቀጥለው በዓል በግ ስታርዱ፣ ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጉበቱንና ሳንባውን በሁለት እጃችሁ ገልብጡና እዩት። ውሃ የቋጠረ ነገር ካለበት አትብሱት፤ እንዳለ ቅበሩት። ጉድጓዱ ከአንድ ክንድ ይጥለቅ፣ ላዩም ላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ ውሻ ይቆፍራል።